ክዳን የሌለው ቴርሞስ

ጅቡቲ፣ ጥር፣ ቅዳሜ ማታ

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ያ በረዶ ዘንድሮስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት "እንደምን ከረምክ" ስልህ ምን እንደሚሰማህ አላውቅም። ምክንያቱን ታውቀዋለህ። እማዬ ያረፈች ጊዜ መርዶውን የሰማሁት እዚሁ ጅቡቲ፣ መጋዘን ውስጥ ቆሜ ነው። ማታ እደውልለታለሁ አልኩ። ማታው ነገ ሆነ። ሳምንት ሲያልፍ ሐፍረት ያዘኝ። ዓመት ሲሞላ ደግሞ በምን አፌ አልኩ። ለቀብሯም አልደረስኩ፣ ላንተም "እግዚአብሔር ያጽናህ" አላልኩህም። ከእጇ በልቼ ያደግኩ ሰው ነኝ። ይቅር በለኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። ካንተ በቀር ማንም ሊመልስልኝ የማይችል አንድ ጥያቄ አለኝ።

ትናንት ዓርብ ነበር፣ ሥራ የለም። ጥር ላይ ጅቡቲ ከሰው ጋር ትታረቃለች። ያ በሐምሌ ፊት የሚለበልበው ንፋስ የለም። ሰው ወጣ ወጣ ይላል። እኔም በእግሬ ወደ ምኒልክ አደባባይ ወረድኩ። በወረቀት ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል፣ የነፃነታቸውን ቀን፣ ጁን 27 ቀን 1977ን ይዟል። ሰው ግን አሁንም ምኒልክ ነው የሚለው። ከነዚያ ቅስት ቅስት ካላቸው ነጫጭ በረንዳዎች ጀርባ አንዲት አዳራሽ ደጃፍ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የፎቶ ኤግዚቢሽን፣ የወደብ ከተማ ኑሮ። ገባሁ።

መጀመሪያ የተሰቀሉት ትልልቆቹ ናቸው። የዶራሌ ኮንቴይነር ወደብ በሌሊት፣ ክሬኖቹ መብራታቸውን አብርተው፣ ኮንቴይነሩ ተደርድሮ መጨረሻው አይታይም። ያምራሉ፣ አልዋሽህም። እኔን ግን አላቆሙኝም። በትራንዚት ሥራ ላይ 11 ዓመቴ ነው። የአገራችን ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚች ከተማ ነው፣ እና ለኔ አንድ ኮንቴይነር ማለት ያላለቀ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ነው፣ በየቀኑ የሚቆጥር የመዘግየት ቅጣት፣ ዲመሬጅ ነው፣ "የት ደረሰ?" እያለ ከአዲስ አበባ የሚጮህ ስልክ ነው።

ያቆመኝ ሁለተኛው ግድግዳ ነው። ሰው ያለበት።

አንድ ጫኝና አውራጅ አለ። ስንዴ በመርከብ ሲመጣ በጅምላ ነው የሚመጣው፣ ጆንያ ውስጥ የሚገባው እዚሁ ወደቡ ላይ ነው። አቧራው ሌላ ነው። ልጁ አፍና አፍንጫውን በሻሽ ጠምጥሟል፣ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው። ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኗል፣ ቅንድቡም። ራቅ ብለህ ስታየው ሽማግሌ ይመስልሃል። ቀረብ ስትል ግን ከዓይኑ ጥግ አንዲት የላብ መስመር ወርዳለች። ነጩን ሰንጥቃ ጥቁር ቆዳውን አሳይታለች። ቆዳው የልጅ ቆዳ ነው። ከ20 ዓመት አይበልጥም። ያን መስመር ብቻ እያየሁ ብዙ ቆየሁ።

ከሱ ቀጥሎ የየመኖቹ ዓሣ ቤት ነው። ዓሣው ለሁለት ተከፍሎ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ ሰውዬው ወደሚነደው የሸክላ ምድጃ ሊከተው ሲያጎነብስ። የጫት ሰዓትም አለ። ከኛው አገር፣ ከአወዳይ የተነሳው ጫት ቀትር ላይ ሲገባ ሴቶቹ እርጥብ ጆንያቸውን ገለጥ ያደርጋሉ፣ መኪናው ሁሉ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። ልክ እንደዚያው አንስተውታል። ፒኬ 12ም አለ፣ ከመሀል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ላይ፣ የኛ ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት። ረዳቱ ተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ተኝቷል። ጀበናው ከራስጌው ነው። እነዚህን ልጆች በየቀኑ አያቸዋለሁ፣ በስም የማውቃቸውም አሉ። እንዲህ ተኝተው ግን አይቻቸው አላውቅም ነበር። ስለ ወደብ ሲወራ መርከብ ብቻ ይወራል እንጂ፣ ወደብ የሚያውለው የሚጠብቅ ሰው ነው። የኦቦክ ፎቶም ነበር። የኛ ልጆች ናቸው፣ ወደ የመን የምታሻግር ጀልባ የሚጠብቁ። እሱን ቶሎ አለፍኩት። ማየት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ግን አናደደኝ። ከየፎቶው ሥር ጽሑፍ አለ። የተርሚናሉ ስም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 መከፈቱም አለ። የመርከቡም ስም ተጽፏል። ሰው ጋ ሲደርስ ግን "ሠራተኛ" ይላል። "ሾፌር" ይላል። "ሻጭ" ይላል። ያ ሽፋሽፍቱ የነጣ ልጅ ስሙ ማን ነው? ካሜራውን ፊቱ ላይ የደገነው ሰው አንድ ጊዜ ቢጠይቀው ምን ነበረበት?

ልወጣ ስል፣ በሩ አጠገብ፣ አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ አየሁ። ከደብተር አትበልጥም። የድሮው ባቡር ጣቢያ ነው። አሁን ባቡሩ የሚቆመው ከከተማ ውጭ ናጋድ ነው፣ ቻይኖቹ በሠሩት አዲሱ ሐዲድ። ይኼኛው የኛ ሽማንደፈር ነው። አባቴ "784 ኪሎ ሜትር" እያለ እንደ ዳዊት ይደግመው የነበረው። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ደርሶ ድሬን ራሷን ከበረሃ ላይ የቆረቆራት፣ አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ እስከ 1917 የፈጀበት።

ፎቶው ላይ ሴቶች አሉ። ስምንት ወይም ዘጠኝ። ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ባቡር ይጠብቃሉ። ከሥሩ "ነጋዴዎች፣ ባቡር ጣቢያ" ይላል፣ በቃ። ዓመት የለውም። ከግራ ሦስተኛዋ ፊቷን አዙራለች። ነጠላዋ ግማሽ ፊቷን ሸፍኖታል። እግሯ ሥር ቴርሞስ አለ። ክዳን የለውም። አፉ በጨርቅ ተወትፏል።

ጉልበቴ ከዳኝ።

የ1985ን ክረምት ታስታውሳለህ? 12 ዓመታችን ነበር። አባቴ የሠራተኛ ነፃ ትኬቱን አውጥቶ "ልጆቹ ባሕር ይዩ" ብሎ ለእማዬ አደራ ሰጠን። ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። አዲጋላን አለፍ እንዳልን ሻይ ልቅዳ ብዬ ክዳኑን በመስኮት የጣልኩት እኔ ነበርኩ። አንተ ግን ቀድመህ "እኔ ነኝ" አልክ። ጆሮህን ቆንጥጣ ያዘችህ፣ አንተም ዝም አልክ። ከዚያ ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ ጠቀለለችና ወተፈችው። እንዲያው እንደተወተፈ ነው ስንት ዓመት የተጓዘችበት። እውነቱን ሳልነግራት ሞተች።

ጅቡቲ ገብተን ባሕሩን ስናይ "ማዶው የታል?" ብለህ የጠየቅካት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እሷ ምን እንዳለችህ ግን ረሳሁት። አንተ ታስታውሰዋለህ?

ስንመለስ ደግሞ ደወሌ ልንደርስ ስንል ለእያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ሸሚዝ ደራርባ አለበሰችን። የሚሸጥ ሸሚዝ፣ ማጠፊያው ያልጠፋ። በዚያ ሙቀት! የጉምሩክ ፈታሾቹ ፉርጎ ፉርጎውን ሲያዳርሱ እኛ እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። ላቡ በጀርባችን ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። አንተ አይንህን ጨፍነህ የተኛህ መሰልክ። ድሬ ገብተን ገና ልብሱን ስናወልቅ እሷ መተኮሻ ከሰል እያያያዘች ነበር። ሸሚዞቹን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ ሸጠቻቸው። መስከረም ላይ ለሁለታችንም ደብተር ገዛች። አንድ ዓይነት፣ እኩል ቁጥር። እኔ የሷ ልጅ አልነበርኩም።

አዳራሹን የምትጠብቀው ወጣት ቆሜ መቅረቴን አይታ መጣች። "ያውቋታል?" አለችኝ በፈረንሳይኛ። "ምናልባት" አልኳት። የሚያውቅ ሰው ከመጣ ስማቸውን ጨምረን እንጽፋለን አለችና ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ሙሉ ስም ነው የምንፈልገው አለች።

እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። ለካ የእማዬን ሙሉ ስም አላውቀውም። እኔም እንዳንተ እማዬ ነበር የምላት። ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ ባንተ ስም ነበር የሚጠራት፣ ያንተ እናት እየተባለች። ለቀብሯ ደርሼ ቢሆን ቄሱ ሲጠሩት እሰማው ነበር። ልጅቷ "ይሞክሩት" ብላ አበረታታችኝ። ወረቀቱን ባዶውን መለስኩላት።

ፎቶውን በስልኬ አንስቼ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። መስታወቱ ስላብረቀረቀ ትንሽ ደብዝዟል። አሳድገህ እየው። ግራ እጇ ላይ ቀለበት የሚመስል ነገር አለ። አቀማመጧንም እይ፣ አንድ እግሯን አጥፋ በሌላው ላይ እንዴት እንደደገፈች። እኔ እሷ ናት እላለሁ። ግን እኔ እሷ እንድትሆን ስለምፈልግ ይሆናል። ቴርሞሱን በጨርቅ የወተፈች ሴት እሷ ብቻ አይደለችም። አንተ ልጇ ነህ፣ አትሳሳትም። ካልሆነችም ሳትደብቅ ንገረኝ። የሌላ ሰው እናት የእማዬን ስም ይዛ እንድትሰቀል አልፈልግም።

ከሆነች ግን ስሟን ጻፍልኝ። ከነአባቷ፣ ከነአያቷ፣ ክርስትና ስሟ ካለም እሱንም። በአማርኛ ጻፈው፣ ፈረንሳይኛውን እኔ ከሥሩ እጨምራለሁ። ፎቶዎቹ የሚወርዱት የፊታችን ሐሙስ ነው። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ካገኘሁት ቢያንስ አንድ ቀን በስሟ ትውላለች። ልጅቷ ያችን ፎቶ ሲያወርዱ ለኔ እንዲሰጡኝ እጠይቅልሃለሁ ብላኛለች። ከሰጡኝ ያንተ ናት።

ቁጥሬ ያው የድሮው ነው፣ አልቀየርኩትም። እዚህ ሌሊት ይሆናል ብለህ አትተው። ደውል፣ አነሳለሁ።

ወንድምህ