የ7 ቀን ቀጠሮ እንዴት ጥቅምት ሆነ?

ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ለቅሬታ ሰሚ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የእናቴን የልብ ክትትል ይመለከታል

የእናቴ ታሪክ ካርዷ ላይ ስላለ አልደግመውም። ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ማመልከቻዎችም ፋይላችሁ ውስጥ አሉ፤ ካልጠፉ። የዛሬው ጉዳዬ ባለፈው ማክሰኞ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የተባልኩት ነው።

እናቴ ተኝታ ስትወጣ ሐኪሟ መውጫ ወረቀቷ ላይ «በ7 ቀን ትመለስ» ብሎ ጽፏል። ፊርማም ማህተምም አለው። ምክንያቱንም ቁጭ አድርጎ አስረድቶናል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚወድቀው ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ነው። የመድኃኒቱ መጠን ይስተካከላል፣ ኩላሊቱና በደሙ ያለው ፖታሲየም የሚባል ጨው ይታያል። ለዚህ ነው በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ የሚቀጠረው። «ጠዋት ጠዋት ትመዘን። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረች ውሃ እየያዘች ነው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ አምጧት» አለን። ደብተር ገዛን፣ መመዝገብ ጀመርን።

ማክሰኞ ኪሎዋ ጨምሮ፣ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏት መጣን። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ሳታነብ «ሲስተም የለም» አለች። ቆይቶ ሲስተሙ መጣ። «ለጥቅምት ነው ያለው» አለች። ገና ሐምሌ ነው እኮ! ወረቀቱ 7 ቀን እንደሚል ብነግራት፣ «እሱ ይጻፍ፤ ቀጠሮ የምሰጠው እኔ ነኝ» አለችኝ። ደብተሩን ገልጬ በመስኮቱ አቀበልኳት። ዓይኗ ስልኳ ላይ እንዳለ በአንድ ጣቷ መልሳ ገፋችልኝ።

«እዚህ በደብተር አይታከምም። ደግሞ በእግሯ መጥታ የለ? በእግሩ የመጣ ይጠብቃል።»

እናቴ ሰምታለች። በእግሯ የመጣችው ሊፍታችሁ ስለማይሠራ ነው። በየደረጃው እየቆመች፣ ግድግዳ እየያዘች። ሠራተኛዋ የተቀመጠችው ደግሞ «የዜጎች ቻርተር» የሚል፣ ስለ አገልግሎታችሁ ለሕዝብ ቃል የገባችሁበት ሰሌዳ ሥር ነው።

ድንገተኛ ክፍል ያሉት ነርሶች እግዜር ይስጣቸው፣ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣውን የላዚክስ መርፌ ወግተው አተረፏት። ግን በቀጠሮዋ ብትታይ ድንገተኛ ምን ያደርሳታል?

ከተነሳ አይቀር ሌላውንም ልናገር። የጤና መድን መዋጯችንን በሰዓቱ ከፍለናል፤ ፋርማሲያችሁ ግን «ላዚክስ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይላል። ከተክለ ሃይማኖት እስከ ፒያሳ በኪሴ ገንዘብ ስፈልግ ከረምኩ። የተኛችበት ክፍል ሚዛን ተበላሽቷል። ውሃ መያዟ በምን ሊታወቅ ነው? የሰጣችሁን ስልክ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም።

የእናቴ ልብ ቫልቭ የተጎዳው በልጅነቷ በጉሮሮ ሕመም ነው። ያኔ በፔኒሲሊን መዳን ይችል ነበር። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ከጉሮሮ ሕመም የሚነሳ የልብ በሽታ (ሩማቲክ የሚባለው) እንዲገታ ውሳኔ አሳልፏል። ጤና ሚኒስቴርም ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች ስትራቴጂ አለው፤ «ግፊታችሁን ተለኩ» የሚባለውን እንሰማለን። ጥሩ ነው። እኛም ተለካን፣ ተመዘንን፣ የተባልነውን ሁሉ አደረግን። ፖሊሲው መስኮቷ ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል።

ስለዚህ እናቴ በዚህ ሳምንት ትታይልኝ። ሠራተኛዋ ይቅርታ ትጠይቅ፤ እኔን ሳይሆን እናቴን። ከዚህ በኋላ ሐኪም የጻፈውን ቀን ካርድ ክፍል እንዳይቀይር በጽሑፍ መመሪያ ይውጣ፣ ኮፒውም ይሰጠኝ። የልብ ታማሚ ኪሎው ሲጨምር የሚደውልለት አንድ ነርስ ይመደብ፤ ስልክ የሚያነሳ። ሚዛኑም ይጠገን፤ ካልሆነ እኔው ገዝቼ አመጣለሁ፣ ደረሰኙን ግን ለእናንተ ነው የማቀርበው።

እስከ አርብ መልስ ካላገኘሁ ለጤና ቢሮ አመለክታለሁ ልል ነበር። ትቼዋለሁ፤ ከታች እዩት።

ከሰላምታ ጋር
የታማሚዋ ልጅ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ጤና ቢሮ
ለእንባ ጠባቂ ተቋም