ወንዙን በመስከረም አትለኩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ እዚህ የሚደርሰኝ ከሳምንት በኋላ ነው፣ አውቶቡስ ላይ ረዳት የሆነ የቀድሞ ተማሪዬ ነው የሚያመጣልኝ፤ ስለዚህ ደብዳቤዬ ቢዘገይ አትፍረዱብኝ። ስለ ገጠር መብራት ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ። ጥሩ ነው። ግን ስለ አነስተኛ የውሃ ኃይል የሚጻፈውን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድልብኛል። ስለ ተርባይኑ፣ ውሃው ስለሚያዞረው ማሽን፣ ይወራል፣ ስለ ብሩ ይወራል፣ ስለ ምረቃው ይወራል። ስለ ውሃው ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ውሃው እንዲሁ እንዳለ ይታሰባል።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የማስተምረው ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ፣ ከመኪና መንገድ በእግር ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤታችን ዝቅ ብሎ አንድ ወንዝ አለ። ወንዝ ካልነው ነው እንግዲህ፤ ክረምት ላይ በሬ ይወስዳል፣ በጋ ላይ ሕፃን ልጅ ዘሎ ይሻገረዋል። ገደሉ አፍ ሲደርስ ወደ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ያየው እንግዳ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፣ «ይሄ እኮ መብራት ነው በከንቱ የሚፈሰው!»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ያሉ ሰዎች መጡ። ማን እንደነበሩ አልጽፍም፣ ክፉ ሰዎችም አልነበሩም። የመጡት መስቀል ባለፈ ሳምንት ነው፤ ጭቃው ደርቆ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ አገሩ ሁሉ ሙሽራ በሚመስልበት ጊዜ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ቡና ጠጡ፣ ሄዱ። ከዚያ ማሽኑ መጣ፣ ቤት ተሠራለት፣ ሽቦ ተዘረጋ፣ በዓመቱ ጥቅምት ላይ መብራት በራ። እልልታው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እስከ ገና ደህና ነበር። ጥምቀት ላይ ለድግስ ሁሉም ቤት ሲያበራ ፈዘዝ አለ፣ ከዚያ ማታ ማታ እየጠፋ ይመጣ ጀመር፣ የካቲት አጋማሽ ላይ ማሽኑ ጭራሽ ቆመ። ሰው ከጓዳ ኩራዙን ፈልጎ አወጣ።

ወዲያው ወቀሳው ተጀመረ። ማሽኑ አሮጌ ነው ተባለ፣ ሽቦው ቀጭን ነው ተባለ፣ ማሽኑን የሚጠብቀው ልጅ አይችልም ተባለ፣ እንዲያውም አንዳንዱ ሰው ዓይን ነው አለ። አንዱም አይደለም። ውሃ የለም፣ በቃ።

በጣም የሚያናድደው መልሱ እዚያው አጠገባችን የነበረ መሆኑ ነው። ከገደሉ ትንሽ ራቅ ብሎ ድሮ የውሃ ወፍጮ ነበር፤ ባለቤቱ አሁን በሕይወት የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ያ ወፍጮ በየዓመቱ የካቲት ሲገባ ድንጋዩ መዞር ያቅተው ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው በመንደሩ የለም፤ ሴቶቹ የዓቢይ ጾም ሳይያዝ እህላቸውን ለማስፈጨት ይሽቀዳደሙ እንደነበር እናቶች ይነግሩኛል። ከእነዚያ መሐንዲሶች አንዱ «አባባ፣ ወፍጮዎ በስንተኛው ወር ነው የሚቆመው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ የብዙ ዓመት መዝገብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያገኝ ነበር። ማንም አልጠየቀም።

መስከረም ለምን እንደሚዋሽ ልንገራችሁ። በእኛ በኩል ዝናቡ ተሰብስቦ የሚወርደው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ነው፤ ያ ሁሉ ውሃ ግን በአንድ ጊዜ አይሄድም፣ አፈሩና ድንጋዩ ይጠጣዋል፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ በምንጭ በምንጩ ይለቀዋል። ወንዙ በበጋ የሚኖረው በዚያ ቁጠባ ነው። መስከረም ላይ የምታዩት ኪሱ የሞላ ሰው ነው። ደመወዝ በተቀበለበት ቀን የሰውን ሀብት አትለኩም፣ አይደል? አባይ ራሱ የዓመቱን ውሃ 80 በመቶ ገደማ የሚያወርደው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት አራት ወራት ነው። ያ ሁሉ ገባር ያለው አባይ እንዲህ ከሆነ የእኛን ጅረት አስቡት።

የባሰው ወር ደግሞ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። እኛ ጋ በልግ ከዘነበ መጋቢት ላይ ወንዙ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ከቀረ ግን እስከ ሰኔ ድረስ እየሳሳ ነው የሚሄደው። በደቡብ ብዙ ቦታ ዝናቡ መጋቢት ላይ ስለሚጀምር ክፉው ጊዜ ጥርና የካቲት ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ የሠራ ስሌት ሌላ ቦታ ላይ እንዳለ አይለጠፍም። በሲዳማ እንደ ጎቤቾና ሀጋራ ሶዲቻ ባሉ ቦታዎች በጀርመን ድጋፍ ከ7 እስከ 55 ኪሎዋት የሚያመነጩ ትንንሽ ጣቢያዎች ተተክለዋል፤ እዚያ ያለው ዝናብ ግን የሰሜን ሸዋ ዝናብ አይደለም።

አሁን ወደ መለካቱ። ሰው የሚፈራው ከባድ ስለሚመስለው ነው። አይደለም። እኛ ከተማሪዎቼ ጋር አደረግነው።

መጀመሪያ የሞከርነው ያው ሁሉም የሚያውቀውን ነው። ግማሹን ውሃ የሞላ ሃይላንድ (አዎ፣ ባዶው የፕላስቲክ ጠርሙስ) ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ለቀቅነውና 10 ሜትር ለመሄድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት በሞባይል ያዝን። 25 ሰከንድ። የውሃው ስፋት በአማካይ 1 ሜትር ከ20፣ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር። ልጆቹ ወዲያው አባዙትና «ቲቸር፣ 72 ሊትር በሰከንድ!» አሉ። ተሳሳቱ። ሃይላንዱ የሚንሳፈፈው ላይ ላዩን ነው፣ ላዩ ደግሞ ፈጣን ነው፤ ታች ያለው ውሃ ከድንጋዩ ጋር እየተጋጨ ይዘገያል። እንደ እኛ ዓይነት ድንጋያማና ጥልቀት የሌለው ጅረት ላይ ያገኙትን ቁጥር በ0.65 ገደማ ማባዛት ያስፈልጋል። ያኔ 72ቱ ወደ 47 ይወርዳል። አያችሁ? ገና ወሩን ሳንነካ ከሲሶ በላይ የሆነው ውሃ በኖ ጠፋ።

ውሃው ሲያንስ ደግሞ ሃይላንድ አይሠራም፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ያፈጥባችኋል። ስለዚህ ከከተማ ላሜራ አስቆርጠን፣ መሃሉን በ90 ዲግሪ የቪ ቅርጽ አስወጥተን፣ ጅረቱን በሸክላ አፈርና በላስቲክ ዘግተን ውሃው ሁሉ በዚያች ጎድጓዳ እንዲያልፍ አደረግን። ከላሜራው ውሃው ወደሚመጣበት በኩል አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ከጎድጓዳዋ ታችኛ ጫፍ ጋር ዜሮው እኩል የሆነ በሴንቲ ሜትር የተሠመረ እንጨት ተከልን፤ መስመሩን አንዷ ተማሪ በጥፍር ቀለም ነው የቀባችው፣ እስካሁን አልለቀቀም። እንጨቱን ላሜራው ጥግ ላይ አትትከሉት፣ እዚያ ጋ ውሃው ስለሚያጎነብስ ያሳስታል። ከዚያ በኋላ ሥራው ምንድነው? ውሃ የሚቀዱ ልጆች ጠዋት ጠዋት ሲያልፉ ቁጥሩን አይተው ደብተር ላይ መጻፍ። ይኸው ነው። የላሜራውና የእንጨቱ ወጪ ከአንድ በግ ዋጋ አይበልጥም። ሰኔ ላይ ነቅላችሁ አውጡት እንጂ፤ ደራሽ ይዞት ይሄዳል። እኛ የመጀመሪያውን እንዲህ ነው የቀበርነው።

ቁጥሩ ላይ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። በዚህ ዓይነት ቀዳዳ ውሃው 20 ሴንቲ ሜትር ሲቆም የሚያልፈው 25 ሊትር በሰከንድ ገደማ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆንስ? ግማሹ አይደለም። 4 ሊትር ተኩል እንኳን አይሞላም። በዓይን የሚያይ ሰው «ትንሽ ቀነሰ» ይላል፣ እውነቱ ግን ከአምስት እጅ በላይ ቀንሷል።

የእኛ ደብተር እንዲህ ይላል፤ ጥቅምት አጋማሽ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ታኅሣሥ 15፣ የካቲት 10፣ ግንቦት መጨረሻ 8። ይህን ወደ መብራት ለመለወጥ ለትናንሽ ማሽኖች የምንጠቀምበት ቀላል ስሌት አለ። ሊትሩን በሚወርድበት ሜትር፣ ከዚያ በ5 ስታባዙት ዋቱን ታገኛላችሁ። ግማሹ ጉልበት በቧንቧውና በማሽኑ እንደሚባክን ታስቦበት ነው 5 የተባለው። በ40 ሜትር ሲሰላ ጥቅምት ላይ 5 ኪሎዋት አለን፣ የካቲት ላይ አንድ ኪሎዋት አይሞላም፣ ግንቦት መጨረሻ 500 ዋት ነው። ያው ወንዝ ነው።

አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ስለዚህ በጥቅምት ውሃ «ምጣድ ትጋግራላችሁ» ተብሎ ቃል የተገባላት እናት ግንቦት ላይ ማንን ትጠይቅ? በሌላ በኩል ግን፣ ይህ ነው ሁልጊዜ የሚረሳው፣ 500 ዋት ትንሽ አይደለም። እኛ ጋ 60 አባወራ አለ። ለየቤቱ 8 ዋት ይደርሳል፤ አንድ ባለ 5 ዋት አምፖልና ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ። ዓመቱን ሙሉ፣ ሳይቆም። ለዚያ ውሃ የሚሆን ትንሽ ማሽን መጀመሪያ ተተክሎ፣ ትልቁ ደግሞ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ለወፍጮ ቢውል ማንም አያማርርም ነበር። የእኛ ማሽን ግን ለ25 ሊትር የተገዛ ነው፣ 4 ሊትር ሲሰጡት አይንቀሳቀስም፤ ባለ ሁለት ክፍል ተደርጎ የተሠራ ቢሆን ኖሮ አንዱን ዘግቶ በሌላው መሥራት ይቻል ነበር። ሰው ትንሽ ተሰጥቶት ሲቀጥል ያመሰግናል፣ ብዙ ተሰጥቶት ሲነጠቅ ነው የሚከፋው።

«ቢሮ ቁጭ ብሎ በካርታ መገመት ይቻላል» የሚሉ አሉ፣ አልክድም። የሚለካ ትልቅ ወንዝ በአቅራቢያ ካለ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር መዝገብ ይኖረዋል፤ የዚያ ተፋሰስ፣ ማለትም ዝናቡን የሚሰበስብበት መሬት፣ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የእኛ 6 ከሆነ ለ50 አካፍሎ ግምት ማግኘት ነው። ለክረምቱ ብዙም አያሳፍር ይሆናል። ለበጋው ግን ጉድ ይሠራችኋል፤ ትልቁ ወንዝ ከብዙ ቦታ ምንጭ እየሰበሰበ ይሰነብታል፣ ተራራ ጫፍ ያለ ጅረት ግን ጭራሽ ሊደርቅ ይችላል። ዜሮን በማካፈል አታገኙትም። ስለዚህ ካርታውን ከመሬቱ ጋር ማጋባት ነው፤ እኛ የለካንባቸውን ቀናት ከትልቁ ወንዝ ንባብ ጋር በዚያው ቀን አስተያይቶ፣ ልዩነቱን አውቆ፣ ያልተለኩትን ዓመታት በዚያ መገመት። የአንድ ዓመት ደብተር እንኳን ይህን ያህል ይጠቅማል።

ግን አንድ ዓመት አንድ ዓመት ነው። ጥሩ ዓመት ላይ ለክተን ይሆናል። ለዚህ ደግሞ ሽማግሌዎች አሉ። «በሰባ ሰባት ይህ ምንጭ ደርቆ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በ77ቱ ድርቅ የትኛው ምንጭ እንደጠፋ፣ የትኛው ጋ ከብት እንደተሰበሰበ፣ ሴቶች እንስራ ይዘው የት ድረስ እንደወረዱ ጣታቸውን ጠቁመው ያሳዩዋችኋል። የ2007ቱ ክረምት በኤልኒኞ ሲቀርስ? ያንንማ እኔም አስታውሳለሁ። እኔ ስጠይቅ የሰማሁት ነገር ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ፦ ገደሉ አናት ላይ ካሉት ሦስት ምንጮች ሁለቱ በ77 ደርቀዋል፣ አንዷ አልደረቀችም። ለዓመት ሙሉ መብራት መታመን ያለበት በእሷ ላይ ነው።

ሌላም ሰው አለ፣ የውሃ አባቱ። የመስኖ ተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ከላይ በኩል ሽንኩርትና ድንች የሚያለማው ገበሬ ቦዩን የሚከፍተው ልክ ወንዙ በሚሳሳበት ጊዜ ነው፣ ያውም ቀን ቀን። ጠዋት ለክታችሁ የሄዳችሁት ውሃ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ሥር ነው። እሱን ሳያማክር ማሽን የሚተክል ሰው መብራት አይደለም የሚተክለው፣ ጠብ ነው። ለከብትና ለታችኛው ቀበሌ የሚተርፍም ይቀነስ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ነው የተርባይኑ።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ላይ 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆነ መንገድ መብራት እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። እኛ ያለነው በዚያ 35 ውስጥ ነው። ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ጣቢያ ሲመረቅ ጋዜጠኛችሁ ስንት ኪሎዋት ነው ብሎ ከጠየቀ በኋላ «በግንቦትስ?» ይበል። ማን፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ጊዜ ለካው ይበል። የሚመለከታችሁ ቢሮዎችም ገንዘቡን ከመፍቀዳችሁ በፊት የአንድ ዓመት ደብተር አምጡ በሉ፤ በየገጠሩ የፊዚክስ መምህርና ሥራ የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም።

ደብዳቤውን የምጽፈው በሚያዝያ መጀመሪያ ነው። በልጉ ዘንድሮ አልመጣም። ዛሬ ጠዋት ደብተሩ ላይ የተጻፈው 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ የጻፈችው የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከጎኑ «ቲቸር ነገ ባዶ ይሆናል?» ብላ በእርሳስ ጨምራበታለች።

አንባቢያችሁ
ከሰሜን ሸዋ