ብቻዬን ነበርኩ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ?

ቅዳሜ ስትደውል ያላነሳሁት ሥራ ላይ ሆኜ አይደለም። ዋሽቼሃለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ፊኒክስ ከተማ ውስጥ ካምልባክ የሚባለው ተራራ ላይ ነበርኩ፤ ያውም ብቻዬን። በስልክ ብነግርህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። በደብዳቤ ሲሆን ቢያንስ አቋርጠህ አትጮህብኝም።

ስሙ የግመል ጀርባ ማለት ነው። ከሩቅ ሲያዩት እውነትም የተንበረከከ ግመል ይመስላል። ከፍታው 824 ሜትር ብቻ ነው ሲሉኝ ናቅሁት። የያዝኩት መንገድ ኤኮ ካንየን ይባላል፤ እስከ ጫፉ 2 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን በዚያች አጭር መንገድ 390 ሜትር ገደማ ሽቅብ ትወጣለህ። ከመቶ ፎቅ በላይ በደረጃ እንደመውጣት ቁጠረው። ደረጃው ደግሞ አንዱ ቁርጭምጭሚት፣ ሌላው ጭን ድረስ ነው።

በጣም ቀጥ ያለው ቦታ ላይ የብረት መደገፊያ አለ። ልይዘው እጄን ስሰድ ለካ ፀሐይ ሲመታው ውሏል፤ እሳት ሆኗል። የሸሚዜን እጅጌ ጎትቼ፣ በጨርቁ ጠቅልዬ ነው የያዝኩት።

ጥቅምት ስለሆነ ሙቀቱ አልፏል ብዬ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርኩ። ጥፋቴ ይሄ ነው። ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ይመልስብሃል። ከላይ ፀሐይ፣ ከሥር ድንጋይ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብህ ሳታየው ይተናል። እኔም አላላበኝም እያልኩ ስወጣ ቆይቼ፣ ሸሚዜን ባየው ነጭ ጨው ሠርቷል። ከያዝኩት 2 ሊትር ውሃ ከግማሽ በላይ ሄዷል። በበጋ ከባድ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ከተማው ይህንን መንገድ በቀን ይዘጋዋል። ዝም ብሎ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ተራራው ላይ ሳጓሮ የሚባል ረጅም ቁልቋል አለ። የመጀመሪያውን ክንድ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ዓመት ባለው ዕድሜው ነው አሉ። «አርጅቻለሁ እኮ» የምትለው ነገር ትዝ አለኝ። ሳጓሮ ብትሆን ገና ክንድ ልታወጣ ነበር።

ወደ ላይ ሲጠጋ መንገዱ የቋጥኝ ክምር ነው፤ በእጅም በእግርም ነው የሚወጣው። ጫፉ ይታየኛል። እዚያ የደረሱት ሲሳሳቁ ሁሉ ይሰማኛል። አንድ ነገር ቅር አለኝና ልጅ ሆኜ ያሳየኸኝን አደረግኩ። ክንዴን ዘረጋሁ፣ ጣቶቼን አጋደምኩ፣ በፀሐይዋና በአድማሱ መካከል ለካሁ። አንድ ጣት ሩብ ሰዓት። ሦስት ጣት ብቻ ቀርቷል። መንገዱ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። መብራት ብዬ የያዝኩት ስልኬን ነው፤ የሱም ባትሪ ቀይ ሆኗል።

ተመለስኩ። ጫፉ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ቢቀረኝ ነው። አሁን ድረስ ያናድደኛል።

መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል። ሲወጡ ትንፋሽ ነው የሚያጥረው፤ ሲወርዱ ጉልበት ይከዳል። ስለ ጉልበትህ ስትነግረኝ በደንብ አልሰማሁህም ነበር ማለት ነው። የተነጠፈ ለስላሳ ድንጋይ ላይ የተበተነ ደቃቅ ጠጠር ረገጥኩና እግሬ ከዳኝ። በቂጤ ዘጭ አልኩ። መዳፌ ተላጠ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ቁጭ ብዬ ጠጠሩን ከመዳፌ እየለቀምኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አንተ ነበርክ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድምፄን ከሰማህ ወዲያው እንደምታውቅ ስለገባኝ አላነሳሁም።

አትሂድ አትበለኝ፤ መሄዴ አይቀርም። ግን ጠዋት ነው የምሄደው፣ ውሃም እጨምራለሁ። ግንባር ላይ የሚታሰር መብራትም ገዝቻለሁ። ላንተም ሥራ አለኝ። ከመነሳቴ በፊት የተራራውን ስምና የምመለስበትን ሰዓት እጽፍልሃለሁ። በሰዓቱ «ወርጃለሁ» ካላልኩህ ደውልልኝ። ካላነሳሁ ለእህቴ ደውል፤ እሷ ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ፣ 911 ትደውላለች።

ሰዓቱ ሳይደርስ ግን እንዳትደውል። ሃያ ደቂቃ ሲቀረው እንደምትጀምር አውቅሃለሁ።

ልጅህ