ውሉን የሚያፈርሰው ቅጹ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ለግል አገልግሎት ተብሎ መድን የተገባለት ሚኒባስ ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም በክፍያ ሰው ጭኖ ቢገለበጥ፣ መድን ሰጪው «አልከፍልም» ማለቱ ብቻ አይበቃም። በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 668 ውሉ የሚፈርሰው ደንበኛው አውቆ መደበቁ ወይም መዋሸቱ፣ ነገሩም መድን ሰጪው ሥጋቱን ለመቀበል በሚሰጠው ውሳኔ ላይ የሚያመዝን መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ማስረዳት ያለበት መድን ሰጪው ነው።

ክርክሩ የሚበላሸው ደንበኛው መድን ሲገባ በሚሞላው ቅጽ ላይ ነው። የመድን ሰጪው ወኪል ራሱ ሞልቶ «እዚህ ጋ ፈርም» ካለ፣ ወይም «ለምን አገልግሎት?» የሚለው ቦታ ባዶ ከቀረ፣ ማን ዋሸ ይባላል? በመድን ሰጪው ፋይል ውስጥ ደንበኛው በእጁ የሞላው ዋናው ቅጽ፣ የሊብሬው ቅጂ፣ ውሉ ሲገባ የተነሣ ፎቶና የወቅቱ የአረቦን (ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ) ተመን ሊኖር ይገባል። ማታለሉ ከታወቀ በኋላ አረቦን መቀበል ወይም ውሉን ማደስ መብትን እንደመተው ሊያስቆጥር ስለሚችል፣ ወዲያው ለደንበኛው በጽሑፍ ማሳወቅ ነው።

ሳያውቅ የተሳሳተ ደንበኛ ግን አጭበርባሪ አይደለም! ስሕተቱ ከጉዳቱ በኋላ ከታወቀ አንቀጽ 669 ካሳውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም፦ 9,000 ብር አረቦን መክፈል ሲገባው 6,000 ከከፈለ፣ ለ300,000 ብር ጉዳት 200,000 ያገኛል። መድን ሰጪው ለፍርድ ቤት የመከላከያ መልስ ሲጽፍ ይህም በአማራጭ ይቅረብ።

ከደብረ ማርቆስ