ጎብኚ ከእንስሳቱ በፊት መኖሪያቸውን ይወቅ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጦች የጉዞ ዓምድ ስለ ሐሩር ክልል ብሔራዊ ፓርኮች የሚወጡትን ጽሑፎች ተከታትለው ከሚያነቡት አንዱ ነኝ። አብዛኞቹ ግን አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሪላ እያሉ የሚታዩትን እንስሳት ከዘረዘሩ በኋላ ደኑን፣ ረግረጉንና የሣር ምድሩን በአንድ መስመር ስለሚያልፉት፣ አንባቢው ፓርኩን ሰፊ የእንስሳት ማቆያ አድርጎ እንዳይረዳው እሰጋለሁ።

የፔሩን ማኑ ብሔራዊ ፓርክ ለአብነት ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው ይህ ፓርክ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የአንዲስ የሣር ምድር ተነሥቶ፣ ጉም የማይለየውን ደን አቋርጦ፣ እስከ አማዞን ቆላ ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚጨምር ዛፉም ወፉም ይለዋወጣል፤ በአንድ ፓርክ ውስጥ ከ1,000 የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎች የተመዘገቡትም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በጥድፊያ ቆላው ድረስ የሚወርድ ጎብኚ ይህን ሁሉ በመኪና መስኮት ያልፈዋል።

በዚያው የአማዞን ቆላ ወንዝ የሸረሸራቸው የሸክላ አፈር ገደሎች አሉ። ጠዋት ላይ ማካው የሚባሉት ረጅም ጭራ ያላቸው በቀቀኖች በመጀመሪያ ዛፎቹ አናት ላይ ተሰብስበው እየጮኹ አካባቢውን ይቃኛሉ፤ ጥቂቶቹ ደፍረው ሲወርዱ ሌሎቹም ተከትለዋቸው ገደሉ ላይ ይለጠፉና አፈሩን በመንቁራቸው እየቦረቦሩ ይበላሉ። ከምግባቸው እምብዛም የማያገኙትን ሶዲየም ከአፈሩ እንደሚያገኙ ይታመናል። ጀልባ ከልክ በላይ ከተጠጋቸው ግን መንጋው ባንዴ ተነሥቶ ይበተናል፤ አስጎብኚው ራቅ ብላችሁ ዝም በሉ ሲል ያለ ምክንያት አይደለም።

በኡጋንዳው ብዊንዲ ፓርክ የተራራ ጎሪላ ለማየት የሚሄዱ ሰዎች በአንድ ቡድን ከ8 እንዳይበልጡ፣ ከአንድ ሰዓት በላይም እንዳይቆዩ ተደንግጓል። ሰዓቱ አነሰ ብለው የሚያማርሩትን አንባቢዎች አልቀየምም፤ ሆኖም በእኛ ላይ ቀላል የሆነው የመተንፈሻ አካል ሕመም ወደ ጎሪላው ሲተላለፍ ለሞት ሊያደርሰው እንደሚችል አብሮ ቢነገራቸው ሕጉን በደስታ እንደሚቀበሉት አልጠራጠርም። ጉንፋን የያዘው ሰው ከጉብኝቱ የሚከለከለውም በዚሁ የተነሣ ነው።

ወቅቱም እንደዚያው በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። በታንዛኒያው ሰረንጌቲ ፓርክ ዊልደቢስት የሚባሉት በመንጋ የሚጓዙ ትልልቅ የሣር በል የዱር እንስሳት ዝናብንና ለምለም ሣርን ተከትለው ስለሚጓዙ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት አካባቢ በደቡቡ አጭር ሣር ሜዳ ይወልዳሉ፣ በነሐሴ ደግሞ በሰሜን የማራን ወንዝ ይሻገራሉ። ወሩን ሳያውቅ በነሐሴ ደቡቡን የሚጎበኝ ሰው መንጋውን ሳያገኝ ቀርቶ ፓርኩ ባዶ ነው ብሎ ይመለሳል።

ስለዚህ የጉዞ ዓምዳችሁ አንድን ፓርክ ሲያስተዋውቅ ከእንስሳቱ ስም ዝርዝር በፊት የመሬቱን ከፍታ፣ የዝናቡን ወራት፣ በውስጡ ያሉትን የመኖሪያ ዓይነቶችና የጉብኝት ሕጎቹን ከነምክንያታቸው እንዲያስቀድም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ