አክስለሬሽን የፍጥነት መጨመር ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በትምህርት አምዳችሁ ስለ እንቅስቃሴ የወጣውን ማብራሪያ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ፍጥነት በተወሰነ ጊዜ ምን ያህል ርቀት እንደተሄደ፣ ቬሎሲቲ ደግሞ ይኸው ከነአቅጣጫው እንደሆነ በትክክል ተገልጿል። አክስለሬሽን ግን «የፍጥነት መጨመር» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፏል። አዳማ ውስጥ ፊዚክስ የማስተምር እንደመሆኔ፣ ይህ አገላለጽ ተማሪዎች እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይዘውት የሚዘልቁትን የተሳሳተ ግንዛቤ የሚያጠናክር ስለሆነ እርማት እንዲደረግበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክስለሬሽን የሚለካው ቬሎሲቲ በእያንዳንዱ ሰከንድ ምን ያህል እንደሚለወጥ ነው። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ቀጥ ባለው ክፍል በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚጓዝ አውቶቡስ እጅግ ቢፈጥንም አክስለሬሽኑ ዜሮ ነው። በአንጻሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ቬሎሲቲው ለቅጽበት ዜሮ ቢሆንም፣ የመሬት ስበት የሚሰጠው በሰከንድ ስኩዌር 9.8 ሜትር የሚሆን አክስለሬሽን በዚያች ቅጽበት እንኳ አይለየውም፤ ባይኖር ኖሮ ኳሱ እዚያው ተንሳፍፎ በቀረ ነበር። ይህን ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ቀመሩን በቃላቸው የሚወጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ «ኳሱ ስለቆመ አክስለሬሽኑም ዜሮ ነው» ብለው ይመልሳሉ።

በፍጥነትና በቬሎሲቲ መካከል ያለው ልዩነትም በቁጥር ቢታይ መልካም ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲያሻሽል አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.34 ሜትር ገደማ ነበር። ይሁን እንጂ ውድድሩ 400 ሜትር በሆነው መም ላይ 25 ሙሉ ዙር በመሆኑ የተነሣበትና የጨረሰበት መስመር አንድ ነው፤ ስለዚህም የሙሉ ውድድሩ አማካይ ቬሎሲቲ ዜሮ ይሆናል። ተማሪ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይቃወማል፤ መቃወሙም ደስ ያሰኛል፤ ማሰብ መጀመሩን ያሳያልና።

ከሁሉ በላይ አሳሳቢው ግን ኩርባ ነው። ፍጥነቱን ሳይለውጥ አደባባይ የሚዞር ባጃጅ አቅጣጫው በየቅጽበቱ ስለሚለወጥ ቬሎሲቲውም ይለወጣል፤ በመሆኑም ወደ አደባባዩ መሃል ያመራ አክስለሬሽን አለው። መጠኑ የሚገኘው ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ለኩርባው ራዲየስ በማካፈል ነው። ራዲየሱ 20 ሜትር በሆነ መንገድ ላይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሜትር፣ የሚዞር ባጃጅ አክስለሬሽኑ በሰከንድ ስኩዌር 1.25 ሜትር ነው። ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢዞር ግን አክስለሬሽኑ አራት እጥፍ አድጎ በሰከንድ ስኩዌር 5 ሜትር ይደርሳል፤ ይህም የመሬት ስበት ከሚሰጠው ግማሹን ያልፋል። ተሳፋሪው ወደ ውጭ የተገፋ የሚመስለው ሰውነቱ በነበረበት አቅጣጫ ሊቀጥል ሲል ባጃጁ ከሥሩ ስለሚታጠፍ ነው። ከፊት በአንድ ጎማ የቆመ ተሽከርካሪ በእንዲህ ያለ መታጠፊያ ለመገልበጥ ቅርብ ነው፤ የፍጥነት መለኪያው ግን ከመነሻ እስከ መጨረሻ ያንኑ 36 ብቻ ያሳያል።

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ሕግ መሠረት ኃይል በቀጥታ የሚገናኘው ከአክስለሬሽን ጋር እንጂ ከፍጥነት ጋር አይደለም። በመኪና ውስጥ ነዳጅ መስጫው፣ ፍሬኑና መሪው ሦስቱም አክስለሬሽን ይፈጥራሉ፤ በአምዳችሁ የቀረበው ትርጉም የሚመለከተው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ስለዚህ እርማቱ በሚቀጥለው እትም በዚያው አምድ ላይ እንዲወጣ፣ ቢቻል ከአንድ የኩርባ ስሌት ጋር እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁን ለፈተና መዘጋጃ የሚያነቡ ተማሪዎች እኔ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ አሉ፤ የመንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተመዘገቡም አይጠፉም።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህር፣ ከአዳማ