ወላጆቻችን በጥቅምትም ይምጡ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንግሊዝ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ለሚመጡ ወላጆች በጉዞ አምዳችሁ ላይ ያወጣችሁትን ምክር አነበብኩት። አብዛኛው ጥሩ ነው። «ከመስከረም በኋላ አትምጡ፣ ዝናብና ንፋስ ብቻ ነው፣ ቤት ተዘግታችሁ ከርማችሁ ትመለሳላችሁ» የሚለውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የኔ እናት የመጣችው በጥቅምት ነው። አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ ለጎረቤቱ ሁሉ ደጋግማ የምታወራው ደግሞ ስለ ለንደን አይደለም። ንፋሱ ሲያጓራ በዋለበት ቀን በካናል ላይ በጀልባ ስለሄድነው ጉዞ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። ባቡር ከመምጣቱ በፊት እዚህ አገር የድንጋይ ከሰሉም፣ ብረቱም፣ የሸክላ ዕቃውም የሚጓጓዘው ካናል በሚባሉ፣ በሰው እጅ በተቆፈሩ የውሃ መንገዶች ነበር። ጀልባውን ፈረስ ከዳር ሆኖ ይጎትተዋል፣ ለዚህ ነው ዛሬም ከካናሉ ጎን ለጎን የእግር መንገድ ያለው። ናሮውቦት የሚሉት ጀልባ ወርዱ 2 ሜትር ከምናምን ነው፣ ርዝመቱ ግን 20 ሜትር የሚያልፍ አለ። አሁን ሰው ይኖርበታል፣ ለሽርሽርም ይከራያል። ለመከራየት መንጃ ፈቃድ አትጠየቁም። አከራዮቹ አሳይተዋችሁ፣ አብረዋችሁ ትንሽ ሄደው ይለቋችኋል። የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚህ በዳር የሚሮጥ ሰው ቀድሟችሁ ይሄዳል።

እኛ የመረጥነው ሰሜን ምሥራቅ ዌልስ ያለውን የላንጎለን ካናል ነው። ከበርሚንግሃም ካናሉ አጠገብ እስካለችው እስከ ቸርክ ከተማ ድረስ በባቡር መሄድ ይቻላል። ከቸርክ እስከ ላንጎለን ደግሞ ሎክ የለም፣ ማለትም ጀልባውን ከፍና ዝቅ ለማድረግ እየወረዱ የሚከፍቱትና የሚዘጉት የውሃ በር የለም። ትልቅ ሰው ይዞ ለሚሄድ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስለ ንፋሱ አልዋሽም፣ ከባድ ነበር። ጀልባው ከታች ጠፍጣፋ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ከላይ ግን ረጅም የብረት ግድግዳ ነው፣ ንፋሱ የሚያገኘው እሱን ነው። ዛፍ በከበበው ቦታ ጸጥ ይላል፣ ሜዳው ገለጥ ሲል ግን ከጎን መጥቶ ወደ ዳር ይገፋችኋል። ሰው ሲደነግጥ ፍጥነት ይቀንሳል፣ እዚህ ግን መቀነስ ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ፕሮፔለሩ ውሃውን በደንብ ካልገፋው መሪው አይሰማም። ፍሬንም የለውም። ለማቆም ወደ ኋላ ማርሽ ማስገባት ነው። መሪው ረጅም ዘንግ ሆኖ ከኋላ ቆማችሁ ነው የምትይዙት፣ ወደ ግራ ስትገፉት ጀልባው ወደ ቀኝ ይዞራል። ታናሽ ወንድሜ ቶሎ ገባው። የጀልባውን አፍንጫ ትንሽ ወደ ንፋሱ መለስ አድርጎ ያዘው፣ እኛም አግድም የምንሄድ እየመሰልን በትክክል መሃል መሃሉን ተጓዝን።

ከላይ ወጨፎው ፊት ይገርፋል። ቢጫና ቀይ ቅጠል እየተራገፈ ውሃውን ሸፍኖታል፣ በጣም ያምራል፣ ግን ፕሮፔለሩ ላይም ይጠመጠማል። ሞተሩ ሲከብደው አንድ አፍታ ወደ ኋላ ማርሽ ማስገባት ነው፣ ቅጠሉ ይበተናል። አጭሯ ዋሻ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ንፋሱ በአንዴ ጠፋ፣ የራሳችን ሞተር ብቻ ነበር የሚሰማው። እናቴ ውስጥ ሆና በጋዙ ምድጃ ቅቅል ጥዳለች። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ! ሽታው በኋለኛው በር ወጥቶ መሪ የያዘውን ሰው ሳይቀር ያጽናና ነበር።

ከዚያ ፖንትከሰልቴ ደረስን። ይሄንን ሰው ሁሉ ቢያየው ደስ ይለኛል። ካናሉ የዲ ወንዝን ሸለቆ የሚሻገርበት የውሃ ድልድይ ነው። ቶማስ ቴልፎርድና ዊልያም ጄሶፕ የሚባሉ መሐንዲሶች ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1805 ተከፈተ። 18 የድንጋይ ምሰሶ፣ ከላይ 307 ሜትር የሚረዝም የብረት ገንዳ፣ ከታች እስከ ወንዙ 38 ሜትር ገደማ። በአንድ በኩል እግረኛ የሚሄድበት መንገድና የብረት አጥር አለው። በሌላው በኩል አጥር የሚባል ነገር የለም። የገንዳው ጠርዝ ከውሃው በትንሹ ነው ከፍ የሚለው፣ ጀልባው ውስጥ ተቀምጣችሁ በመስኮት ስታዩ ከናንተና ከሸለቆው መሃል ምንም የለም። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለችና «በስመአብ! ልጄ፣ ይሄ ውሃ በአየር ላይ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለች። አዎ፣ በአየር ላይ ነው። የሚገርመው ደግሞ በዚያ ንፋስ ጀልባው የትም አይገፋም፣ ገንዳው ጠባብ ስለሆነ ግራና ቀኝ ይዞታል። ንፋሱ ዙሪያችንን እያፏጨ እኛ ቀጥ ብለን አለፍን። በበጋ ሌላ ጀልባ እስኪያልፍ ወረፋ ይጠበቃል፣ ያን ቀን ግን ድልድዩ የኛ ብቻ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከድልድዩ ስንወጣ ነው። ወደ ላንጎለን የሚወስደው መንገድ እዚያው በስተግራ ድንገት ይታጠፋል፣ ስንታጠፍ ንፋሱ አንስቶ ተቃራኒው ዳር ላይ ለጠፈን። በረጅሙ እንጨት ብንገፋ አልነቃነቅ አለ። ከኋላችን የመጡ አንድ አዛውንትና ባለቤታቸው ሳንጠይቃቸው ገመድ ወርውረው ጎተቱን። ካናል ላይ ሰው እንዲህ ነው፣ ያለ ሰላምታ የሚያልፋችሁ የለም።

ይሄ ካናል ደግሞ ለጥቂት ነው የተረፈው። እ.ኤ.አ. በ1944 ባለቤቱ የነበረው የባቡር ድርጅት በፓርላማ ሕግ ለጀልባ ጉዞ እንዲዘጋው ተፈቅዶለት ነበር። ያዳነው ውሃው ነው። ከላንጎለን በላይ ከዲ ወንዝ ተጠልፎ በካናሉ እየፈሰሰ ቼሺር ውስጥ ወዳለ ማጠራቀሚያ ይገባል፣ ለመጠጥም ይውላል። ለዚህ ነው ወደ ላንጎለን ስትወጡ ውሃው የሚከብዳችሁ፣ ስትመለሱ የሚያግዛችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኔስኮ ድልድዩንና 18 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የካናሉን ክፍል በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

እዚህ ያለነው ልጆች ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ስንል ዓመታት ያልፋሉ። እንዲህ ያለው መዝናኛ ለሌላ ሰው የተሠራ ይመስለናል። ወላጅ ሲመጣም የገበያ ማዕከል ለገበያ ማዕከል እናዞራለን። ጀልባ ግን ለቤተሰብ ተካፍለው ሲከራዩት የሚከብድ አይደለም፣ በበልግና በመኸር ደግሞ ከበጋው ይረክሳል። መከራየት ለማይችልም በድልድዩ ላይ በእግር መሻገር በነፃ ነው።

ስለዚህ የአምዱ አዘጋጅ ያንን ምክር ቢያስተካክሉልን እላለሁ። ወላጆች በጥቅምት ቢመጡ ምንም አይሆኑም፣ ጋቢና የማይንሸራተት ጫማ ይያዙ። ልጆች ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት የንፋሱን ትንበያ እዩ፣ ለትልቅ ሰው ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፣ አከራዩ ዛሬ አይሆንም ካለ አትከራከሩት፣ ሌላ ቀን ቀጠሮ ያዙ።

አክባሪያችሁ፣
ከበርሚንግሃም